ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ፣ መስመር አራት፣ ቃል ሁለት

ባለፈው ቅዳሜ በገዛ ደሞዜ የገዛሁት የኮምፒዩተር ጨዋታ ሌባ ብሎ ሰደበኝ። በቀጥታ «ሌባ» አላለኝም፤ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ በትሕትና ነው ያለኝ። መጀመሪያ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ጻፊ አለ፤ ጻፍኩ። ቀጥሎ ሲዲው ውስጤ ካልገባ አልጀምርም አለ፤ አስገባሁ። ከዚያ «ኮምፒዩተርሽ ላይ ሲዲ መገልበጫ ፕሮግራም አይቻለሁ፣ እሱን ሳታጠፊ አልከፈትም» ብሎ እርፍ! የገዛ ኮምፒዩተሬን ማን ፈትሽ አለው? ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ የሆነ ነገር ደብቆ ጭኖብኝ ኖሮ ሲዲ ማንበቢያው ራሱ አበደብኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ያንኑ ጨዋታ ከመንገድ ላይ በገዛው ግልባጭ ሲዲ ዘና ብሎ እየተጫወተ «አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትለፊው?» ይለኛል። የሰረቀው ይጫወታል፣ የከፈለችው ትፈተሻለች። ባለፈው ሐምሌ በዚሁ በኮምፒዩተር ነው የተመረቅኩት፤ ይሄን ሥራ ብሎ የሠራ ሰው በክፍላችን ኖሮ ቢሆን ደብተሬን አላውሰውም ነበር።

በጣም ከመናደዴ የተነሳ ሳቅ መጣብኝ። ብቻዬን እንደ ጅል ሳቅሁ። ምክንያቱም እንዲህ ያለ በር ጠባቂ ጨዋታ ከዚህ በፊት ገጥሞኝ ያውቃል፤ አስመራ፣ ማይ ጭሆት የሚባል ሰፈር፣ ልጅ ሆኜ። ትዝታ የሽማግሌ ነው የሚለኝ ካለ ይበል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከተማዬን በዐሥራ አንድ ዓመቴ ለቅቄያለሁ፣ ሰው ሃምሳ እስኪሞላው የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። ከፌርማታው ማዶ፣ አውቶቡሱ ተሳፋሪ ከሚያራግፍበት ጥግ፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ሻሂ ቤት ነበረችው። ሻሂ በሳንቲም፣ ዳቦ በሳንቲም፤ አምስት ሳንቲም ከረሜላ ትገዛ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ የለም። ነጻነት ከመጣ ገና ጥቂት ጊዜ ነው፣ ከተማው ሁሉ እንደ ሠርግ ማግስት ነበር። ታጋዮቹ ሺዳቸውን፣ ያቺን ጥቁር የላስቲክ ጫማ፣ እንደተጫሙ ሻሂ ቤታችን ይመጣሉ፤ ከበረሃ የመጡ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ቁምጣ ለብሰው፣ እንደ ወንድ እግራቸውን አንሰራፍተው ይቀመጣሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ካሴት ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ክራር ይለቃል፤ ሁሉም ዘፈን ስለ ሀገርና ስለ ናፍቆት፣ ሁሉም ዘፈን የሚያስጨፍር። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ልብሱን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የዘንባባዎቹን ጥላ ይዞ ላይ ታች ይላል፤ የት እየሄዳችሁ ነው ብትላቸው «የትም»። ለመታየት ነው የሚወጣው። እኔ ያኔም ቢሆን ትዕግሥት የለኝም፤ ዝም ብሎ መመላለስ ምን ይባላል እል ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ተሰልፌ ስገፋ፣ ያ «የትም» ሰማይ የሚያህል ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ጓደኛዬ ሰናይት ከሻሂ ቤታችን ጀርባ ነበር ቤቷ። እኔ ዛህራ፣ እሷ ሰናይት፤ እኔ ቤት አማርኛ፣ እሷ ቤት ትግርኛ፣ መንገድ ላይ ሁለቱንም አደባልቀን፣ ስንጣላ በየራሳችን። የእናቷ ወንድም ዮናስ፣ «ኣኮይ ዮናስ» ነው የምትለው፣ ከጀርመን ሲመጣ ኮምፒዩተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አየው። ዮናስ የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት ልክፈት የሚል ሐሳብ ነበረው፤ እኛ ግን ትምህርቱ መቼ ግድ ሰጠን! ውስጡ ጨዋታ አለ። አንዲት መርከብ ናት። በካርታው ላይ ጠፍታ የቀረች ደሴት አለች፣ አንቺ መርከቧን ከወደብ ወደብ ትነጃለሽ፣ በየወደቡ አንድ ፍንጭ ታገኛለሽ፣ መጨረሻ ላይ ደሴቲቱን ታገኚያለሽ። ደሴቷ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ ምሳ ትቼ እሮጥ ነበር።

ጨዋታው ግን በር ጠባቂ አለው። በከፈትሽው ቁጥር፣ መርከቧ ሳትመጣ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥያቄ ይመጣል፦ ገጽ ይሄ፣ መስመር ይሄ፣ ቃል ይሄ። ከጨዋታው ጋር የምትሸጥ ትንሽዬ መጽሐፍ አለች፤ እዚያ ገጽ ላይ ያለውን ቃል ፈልገሽ ትጽፊያለሽ። መጽሐፏ ያለሽ ከፍለሽ ነው የገዛሽው፣ የሌለሽ ሌባ ነሽ፤ ነገሩ ይሄው ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትለሽ ከተሳሳትሽ ደግሞ ይዘጋል፤ ዋናው ፍሎፒ ካልገባ አይከፈትም። ዮናስ ዕቃውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነበር፤ ፍሎፒዋንም መጽሐፏንም ከሻንጣው አያወጣም፤ ቃሉን ራሱ ይጽፍልንና እኛ እንጫወታለን።

አንድ ቀን ዮናስ ለሦስት ወር ወደ ጀርመን ልመለስ ነው አለ። ኮምፒዩተሩ ይቀራል፣ ፍሎፒዋና መጽሐፏ ይሄዳሉ። ሰናይት አለቀሰች፣ እኔ ጮህኩበት።

«ኣኮይ፣ መጽሐፏን ተዋት!»

«ትጠፋለች። በገንዘቤ የገዛኋት ናት።»

«አንጥላትም!»

«ባለፈው የብስክሌት ቁልፌን የት ነው የጣላችሁት?»

በመጨረሻ ራርቶ «እስከ ማታ ያዟት፣ ማታ ሻንጣዬ ውስጥ ትገባለች» አለን። እየበረርን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። መጽሐፏ ግን ተንኮለኛ ናት፤ ወረቀቷ እንደ ደረቀ ደም ቀይ፣ ፊደሉ ጥቁር፤ ወደ ብርሃን ካላዘነበልሻት ለዓይንም አትነበብም። የፎቶ ኮፒው ሰውዬ አንድ ገጽ ገለበጠ፤ ከሰል የመሰለ ወረቀት ወጣ። ሌላ ሞከረ፤ ሌላ ከሰል። «ጥቁር ወረቀት ከፈለጋችሁ እዛ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይሸጣል፣ የእኔን ቀለም አትጨርሱ» ብሎ አባረረን። የሁለቱን ግን አስከፈለን።

ስለዚህ በእጅ። ሃያ አራት ገጽ፣ በየገጹ ዐሥር መስመር፣ አንድ ከሰዓት። ሰናይት ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ዶሮ ነበር የምጭረው፤ አንድ መስመር ስጽፍ ሰናይት ሦስት መስመር ቀድማኝ ታዛጋለች። ትዕግሥቴ አለቀ። በግዕዝ ፊደል ጻፍኩት። የሰማሁትን፣ እንደሰማሁት፣ በረር በረር! አንድ ድምፅ አንድ ፊደል፤ «ዊንድ»፣ «ሴይል»፣ «ካፕቴን»። እጄ እሳት ሆነ። ሰናይት ራሷ «ዋእ! ጎበዝ!» አለችኝ። ሁለታችንም ድምፅ ስንጽፍ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ መቅረቱ አልታየንም።

ዐሥር ገጽ ስንደርስ የሰናይት ጉሮሮ ተዘጋ። አያቷ አቦይ ተኽለ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አቦይ ተኽለ ረዥም፣ ቀጭን፣ በሰባ ዓመታቸው ብስክሌት የሚነዱ፣ ኮታቸውን ያለ ከረባት የማይለብሱ ሰው ናቸው። በጣልያን ጊዜ አራት ዓመት ተምረዋል፤ ከዚያ በላይ ለሀገሬው ልጅ አይፈቀድም ነበር። መነጽራቸውን በክር አስረው «ኣምጽኣ» አሉ፣ አምጡት ማለታቸው ነው። «እንግሊዝኛ ነው እኮ፣ አቦሓጎ» አለች ሰናይት፤ አያቷን እንዲያ ነው የምትጠራቸው። «ፊደል ኣይኮነን ድዩ፣ ፊደል አይደለም እንዴ? ፊደል አነባለሁ።»

አነበቡት። በጣልያንኛ አነበቡት። ያለውን ፊደል አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ዳኛ ኮራ ብለው። «ዘ» የነበረው «ተ» ሆነ። «ናይት» የነበረው «ኒግት»። «አይላንድ» የነበረው «ኢስላንድ»። ሰናይት መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም እየሳቅሁ ጻፍኩ፤ ምን ላድርግ፣ ጊዜ የለም፤ ያሉትን ጻፍኩ። ማታ ዮናስ መጽሐፏን ተቀብሎ፣ አራት ጊዜ አገላብጦ፣ ሻንጣው ውስጥ ከተታት።

በማግስቱ ሥቃያችን ጀመረ። «ዊንድ» በቀላሉ ገባ። «ሲ» የሚል መጣ፤ አንዴ ተሳስተን በሁለተኛው ገባን። ከዚያ «አይላንድ» መጣ፣ ሰናይት በሰማችው ጻፈችው፣ አይሆንም አለ። ደብተሩን ይዤ ወደ አባቴ ሻሂ ቤት ሮጥኩ፤ ለምን እንደሮጥኩ እኔም አላውቅ፣ ሲጨንቀኝ እሮጣለሁ። አባቴ ብርጭቆ እያጠበ ደብተሬን በትከሻዬ ላይ ሲያይ «ኢስላንድ» የሚለው ላይ ዓይኑ ወደቀ።

«ይቺ ምንድናት? የኢስላም አገር ናት?»

«ኧረ አባ፣ አቦይ ተኽለ ያነበቡት ነው።»

«ማሻአላህ፣ ተኽለ ስለ እስልምና ማንበብ ጀመረ?»

ስስቅ ቆይቼ ድንገት ገባኝ። ኢስላንድ፣ አይላንድ፤ አንድ ቃል ነው! ሰናይት የዋጠችውን «ስ» አቦይ ተኽለ አልዋጡትም። ተመልሼ ሮጥኩ፣ «ስ» ጨመርን፣ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአቦይ ተኽለ የሳቀ የለም። እንዲያውም የሰናይትን ገጾች በእሳቸው ገጾች ማረም ጀመርን። ሰናይት «አቦሓጎ ዲክሽነሪ» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰማ ሆነው፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሲቀመጡ እግራቸውን ያነባብሩ ነበር።

በዚያ ሰሞን የእኛ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ወሎ ይመለሱ ነበር። አጎቴ ሄደ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሄደ። አባቴም አንድ ምሳ ላይ «ቅዳሜ ጠዋት ለደሴ መኪና ይዣለሁ» አለ። የመጣልኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ማይ ጭሆት አይደለም፣ ትምህርት ቤቴም አይደለም። ደሴቷ! አንድ ወደብ ነው የቀረን። አንድ! ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ዋለ። ዐርብ አባቴ ጁምዓ ሰግዶ እስኪመለስ ምሳም ሳልበላ ሰናይት ቤት ገባሁ። እናቷ ኮምፒዩተሩ ላይ የምትደርበውን ጥልፍ ጨርቅ ገፈፍን፣ አበራን።

ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ፣ መስመር አራት፣ ቃል ሁለት።

ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ የአቦይ ተኽለ ነው፤ ደስ አለን። ደብተሩን ገለጥኩ። «ሊግቶውዘ» ይላል። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር። በ«ዜድ» ጻፍነው፤ ስህተት። በ«ኤስ» ጻፍነው፤ ስህተት። አንድ ዕድል ቀረን፤ ቀጥሎ ዮናስ ከጀርመን እስኪመጣ በሩ ድርግም፣ እኔ ነገ በዚህ ሰዓት አዲግራትን አልፌያለሁ።

አቦይ ተኽለ ግቢ ውስጥ ብስክሌታቸውን ገልብጠው ሰንሰለቱን ቅባት ይቀባሉ። «እንታይ ኴንክን?» አሉ፣ ምን ሆናችሁ። ቃሉን አነበብኩላቸው።

«እወ። ሊግቶውዘ። እንደዛ ነው የተጻፈው።»

«አቦይ፣ እንደዛ ቢሆን ይከፈት ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

ሰናይት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አቦይ ተኽለ እጃቸው ሰንሰለቱ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ላይ መጮሄ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጆሮዬ ነደደ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃሉን በውስጣቸው ያኝኩታል። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«አካ!» አሉ። «አካን ረሳናት!»

«አካ ምንድናት?»

«በጣልያን ያቺ ሁለት እግር ቆማ መሐሏን የታጠቀች ፊደል፣ እናንተ ኤች የምትሏት። ትጻፋለች፣ ኣይትዛረብን፣ አትናገርም። አስተማሪያችን ሲናደድብን 'አንድ አካ አታውቁም' ይለን ነበር፤ ምንም አታውቁም ማለቱ ነው። በማስመሪያ ነበር ጣቴን የሚመታኝ። እኔ እንግዲህ አካ ሳይ ዝም ብዬ ዘልላለሁ። መጽሐፏ ላይም ዘልያለሁ።»

«ስንት ዘለሉ?»

«ቀስ በላ!» አሉ፣ ተረጋጉ። በቅባት ጣታቸው የግቢው ሲሚንቶ ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ሊ፣ ከዚያ ጂ... ከጂ ኋላ አካ አለች፣ ይቺ እርግጥ ናት፤ ስዘላት ትዝ ይለኛል።» ጻፏት፣ ቀጥለውም ቲ። ሰናይት ከትከሻቸው በላይ አንገቷን ሰግጋ ታያለች። ድንገት እንደተወጋ ሰው ጮኸች፦ «ላይት! አቦሓጎ ላይት እኮ ነው! መብራት!» የቀረውን አየነው፦ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ። እኔም ጮህኩ፣ «ሃውስ! ፊቷ ላይ ሌላ አካ አስቀምጡላት!» ላይት ሃውስ። የመብራት ቤት። ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም፣ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት መስሎናል፤ ብቻ ሁለት የምናውቃቸው ቃላት ተቃቅፈው ቆመዋል።

ሦስታችንም ገባን። ሰናይት አንድ አንድ ፊደል ትነካለች፣ እኔ ደብተሩን ጨብጬ ከጎኗ ቆሜያለሁ፣ አቦይ ተኽለ ቅባት የነካ እጃቸውን ከኮታቸው አርቀው ወደ ላይ ይዘው ከኋላ ያዛሉ፦ «አካ!... እሺ... ሕጂ እታ ካልአይቲ፣ ሁለተኛዋ፣ አካ!» ሰናይት ተጫነችው።

መርከቧ መጣች። ባሕሩ፣ ያ ሰማያዊ፣ ያ የሚንጫጫ ሙዚቃ! ጩኸታችን ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። የሰናይት እናት ከጓዳ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች፣ ጎረቤት ሰምታ ከአጥሩ ማዶ መለሰችላት፣ አንዷ በር ላይ መጥታ «መን ተመርዕዩ?» ብላ ጠየቀች፣ ማን አገባ። «ኣካ!» አሏት አቦይ ተኽለ፣ በኩራት። ሴትዮዋ ገና ሙሽራዋን ስትፈልግ ነበር።

አሁን በቃ፣ አንድ ወደብ፣ ከዚያ ደሴቷ። ወንበሩን ስስብ ግን አቦይ ተኽለ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከባሕሩ ዳር አንድ ቀጭን ማማ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ይዞራል። ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፈናል፣ ጌጥ ነበር የሚመስለን። «ፋሮ!» አሉ። «እዚ ፋሮ እዩ! ባጽዕ ወደብ ላይ ስሠራ በየማታው የማየው!» ያቺ ያነበቧት ቃል እሱ መሆኑ አሁን ነው የገባቸው፤ የገባንም። ከዚያ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ለኮታቸው ሲሳሱ እንዳልነበር፣ «እስቲ እኔ ልንዳት» አሉ። ሰናይት ወዲያው ተነሳችላቸው። እኔ? እኔ ልፈነዳ ነው! ሰዓቱ እየሄደ ነው! አፌን ከፈትኩ፣ ቅድም የጮህኩት ትዝ አለኝ፣ ዘጋሁት። ተቀመጡ። መርከቧን ከድንጋይ ጋር አጋጩ፣ ወደ ኋላ ነዱ፣ በጣልያንኛ ተሳደቡ፣ ከዚያ ለመዱ። ሲለምዱ ደግሞ ወደ ወደቡ አልሄዱም፤ ፋሮውን ዞሩት። አሁንም ዞሩት። «እዚህ ጋ ድልድዩ ነበር... እዚህ ጋ ጨው የሚጫንበት... እዚህ ጋ አንዱ ጓደኛዬ ባሕር ውስጥ ከነኮቱ ወድቆ...» ሰናይት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም ሳላስበው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስቄያለሁ። ስንት ጊዜ እንደዞርነው አላውቅም። በኋላ የአባቴ ድምፅ ከአጥሩ ውጪ መጣ፦ «ዛህራ! ነይ እንጂ፣ ሻንጣሽን ማን ያስርልሽ?» ተነሳሁ። አቦይ ተኽለ ቅባት በቀረው እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። ደሴቷን ሳላያት ወጣሁ።

ይሄ የመርከቧ ጨዋታ አሁን ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ያሳተመው ድርጅት ሳይከስር አይቀርም፣ አንድ ደግ ሰው ደግሞ ጥያቄውን ነቅሎ ጥሎታል፤ ገጽ የለ፣ መስመር የለ፣ አካ የለ፣ ዝም ብሎ ይከፈታል። ባለፈው ወር ኢንተርኔት ቤት አግኝቼ ፍሎፒ ላይ ገለበጥኩት። ሌባ ካላችሁኝ በሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን ግን አልከፈትኩትም፤ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ጭጋጉ ፎርቶ ኮረብታ ላይ ተኝቶ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ አባቴ ከጎኔ «ቢስሚላህ» ሲል፣ ሰናይት በአያቷ ብስክሌት፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ በቅጡ ሳይደርስ፣ እየተንገዳገደች መጣች። መስኮቱን ከፈትኩ።

«ጨረስሽው?»

«እወ! ትላንትና ማታ! አቦሓጎ ሲተኛ!»

«ታዲያ? ደሴቷ ላይ ምን አለ? ቶሎ በይ፣ ሊሄድ ነው!»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሷም ጎን ለጎን መንዳት ጀመረች፣ ጥርሷ በሙሉ ወጥቷል።

«ኣይነግረክን!»

«ሰናይት!»

«ኣይነግረክን እየ! አልነግርሽም! መጥተሽ እዪው!»

ደነዝ አልኳት፣ ዓሻ አልኳት፣ በሁለቱም ቋንቋ የማውቀውን ሁሉ አልኳት፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሷ መታጠፊያው ጋ ቀረች። አባቴ መስኮቱን ዘግቶ «ምኑን ነው የማትነግርሽ?» አለኝ።

«መጨረሻውን።»

«እንግዲያ መመለስሽ ነው» አለኝ።